ያልተከፈተ ሣር

ትዕዛዙ ከአፉ የወጣን ቃል መልሶ አይውጥም። የመንደሩ ሰው ለዚህ ጠባዩ "ጨዋ" ይለዋል፤ ሚስቱ ጌታነሽ "ግትር" ትለዋለች። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን አብራው የምትኖረው እሷ ስለሆነች የእሷ ይበልጥ ይመዝናል።

ነገሩ የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ነው። ጌጡ የሚባል የከተማው ነጋዴ የባህል ምግብ ቤት ሊከፍት አስቧል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጡ ፈረንጆች ሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው ካልበሉ ምግቡ አይጣፍጣቸውም ብሎ የነገረው ሰው አለ። ሣሩ ደግሞ ጓሳ መሆን አለበት፤ በጓሳ የተከደነ ቤት ልጅ ወልደው ለልጅ ያወርሱታል። ትዕዛዙ በበኩሉ ሣር ቤት ተወልዶ፣ ሣር ቤት ሚስት አግብቶ፣ ቆርቆሮ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። ዓለም እንዲህ ናት፤ ድሃው ቆርቆሮ ያምረዋል፣ ባለጸጋው ለእንግዳ ማሳያ የድሃውን ጎጆ ይሠራል።

"እንለዋወጥ" አለው ጌጡ አረቄ ቤት ተቀምጠው። "እኔ የቤትህን ክዳን ቆርቆሮ ዛሬውኑ አስጭንልሃለሁ። አንተ እስከ የካቲት መጨረሻ የሦስት ጎጆ ክዳን ጓሳ ታመጣልኛለህ።"

"የራሴን ድርሻ የወንድሞቼን ድርሻ ጨምሬ አመጣለሁ። ያንሳል ብለህ አትስጋ።"

እዚህ ላይ ለሩቅ ሰው አንድ ነገር መንገር ያስፈልጋል። ጓሳ ሣሩም ነው፣ ሣሩ የሚበቅልበት ደጋም ነው። የማንም አይደለም፤ የሀገሩ ነው። የሚዘጋው ሀገሩ ነው፣ የሚከፍተውም ሀገሩ ነው። ሲከፈት እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ያጭዳል፤ ተርፎት ሸክም የሚሸጥም አለ፣ ማንም አይነካውም። ተዘግቶ ሳለ ማጭድ ይዞ የገባ ግን ሌባ ነው፤ የሰረቀውም ከአንድ ሰው ሳይሆን ከሁሉም ነው። ይህን ማክበር መንግሥት አላስተማራቸውም። መንግሥት መጥቶ መንግሥት ሄዷል፤ ጓሳ እየተዘጋና እየተከፈተ ኖሯል።

ጌጡ ውሉን በራሱ እጅ ጻፈ። ጽሕፈቱ ያምራል። ትዕዛዙ ሣሩን ባያስረክብ ሁለቱን በሬዎቹን፣ ቦራንና ዳልቻን፣ ጌጡ ያለ ክርክር ይውሰድ የሚል ሐረግ አስገባ። ትዕዛዙም "እንግዲያው አንተም ከእኔ በቀር ከማንም ሣር እንዳትገዛ ጻፍበት" አለ። ተጻፈ። ከዚያ ጌጡ ብዕሩን እንደያዘ ጥቂት አሰብ አድርጎ "ጓሳ ቢከፈትም ባይከፈትም" የሚል ጨመረበት።

"ይህን ምን አመጣው?" አለ ትዕዛዙ። "ከጥምቀት በኋላ እንደሚከፈት ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃል። ተዘግቶ የከረመውን ክረምት ቁጠረው!"

"እና ካወቅህ ምን አስፈራህ?"

ለመንዝ ሰው "ፈራህ" አይባልም። ለትዕዛዙ ደግሞ ጨርሶ አይባልም።

"ማን ነው የፈራ? ቢከፈትም ባይከፈትም አመጣለሁ! ጻፍ! ደምቆ ይጻፍ!"

ፈረመ። አንድ ልብስ ሰፊና የአረቄ ቤቷ ባለቤት በምስክርነት ፈረሙ። በዚህም አልበቃቸውም። የሀገሩ ሰው ወረቀትን የሚያምነው ከላዩ ግዝት ሲጫንበት ነው፤ ወረቀት አይጥ ይበላዋል፣ ግዝትን የሚበላ አይጥ ገና አልተፈጠረም። ቄስ ገብረ አማኑኤል፣ የትዕዛዙ የንስሐ አባት፣ ጧፍ ሊገዙ ገበያ ወርደው ነበርና ከበቅሏቸው አውርደው አመጧቸው።

"ልጆቼ፣ ግዝት እንደ ጨው በየወጡ አይነሰነስም" አሉ ቄሱ። "ወረቀታችሁ አይበቃችሁም?"

"ለእሱ ሲባል ነው አባ" አለ ጌጡ፣ "ኋላ ልቡ እንዳይሸሽ።"

"ለእሱ ሲባል ነው አባ" አለ ትዕዛዙም፣ "የከተማ ሰው ምላሱ ሁለት ነው።"

ቄሱ እያጉረመረሙ መስቀላቸውን አወጡ። "እንግዲህ ይህን ቃል ያፈረሰ፣ ከሁለታችሁ ማንኛችሁም ብትሆኑ፣ ውጉዝ ከመ አርዮስ!" አሉ። ሁለቱም መስቀሉን ተሳለሙ፤ ሁለቱም እፎይ ብለው ተለያዩ። ሰው ራሱን በገመድ ጠፍሮ ሲጨርስ እንዲህ ደስ የሚለው ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቆርቆሮው መጣ። ጌታነሽ አናጢ እንዲጠራ ለመነችው። ትዕዛዙ ግን ቆርቆሮውን ከጎተራው ጥግ ደርድሮ በጭድ ሸፈነው። "ያልከፈልኩበትን ነገር ከአናቴ በላይ አላስቀምጥም። ሣሩን ሳስረክብ ይመታል።"

"እስከዚያ ዶሮዎቹ ይተኙበት በለኛ!" አለችው። ተኙበትም።

ጥምቀት አለፈ። የጓሳ ኮሚቴ ሊቀ መንበር አቶ በኃይሉ ሀገሩን ሰበሰቡ። በኃይሉ ድምፃቸው ቀስ ያለ፣ በቀስታቸው ሰው የሚያስጨንቁ ሽማግሌ ናቸው። ብዙም አልተናገሩም። ከክረምቱ ዝናም ማጠር ጀምረው፣ ሣሩን ዞረው ማየታቸውን ነግረው፣ "እናንተስ ምን አያችሁ?" ብለው ጠየቁ።

ትዕዛዙ ለመናገር ተነሣ። ከቤቱ ሲወጣ "ይከፈት!" ሊል ቆርጦ ነበር። በመያዣ ያሉት በሬዎቹ ናቸው፤ በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ ከገዛ ማሳው ጥግ ቆሞ የሌላውን ጅራፍ ሲሰማ የሚኖር ነው። ግን ደግሞ በዚያው ጠዋት በጓሳው ዳር አቋርጦ መጥቷል፤ ሣሩን አይቶታል። ከጉልበት አልደረሰም። ሥሩ ሳስቷል። ዘንድሮ ከታጨደ ከርሞ የሚታጨድ አይኖርም። አፉን ከፈተ፤ ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል፤ ውሸቱ አልመጣለት አለ።

"ሣሩ አልደረሰም" አለ። ከዚያ በሠራው ተናዶ፣ ሌላ ሰው የተናገረበት ይመስል "ምን ታዩኛላችሁ! አልደረሰም አልኩ እኮ!" ብሎ ጮኸና ተቀመጠ።

አይከፈት የሚል እጅ ሲወጣ የእሱም እጅ ወጣ።

ጌታነሽ ሲነጋ "በሬዎቻችንን በገዛ እጅህ ነድተህ ሰጠሃቸው" አለችው።

"ምን ልበል ነበር? ልዋሽ?"

"አዎ! ሰው ለበሬው አይዋሽም?"

"አንቺ ትዋሺ ነበር?"

አትዋሽም ነበር፤ ይህም አናደዳት።

ጌጡ የካቲት ሲጋመስ መጣ። ጓሳ እንደማይከፈት ሰምቷል፤ ግን ውሉን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ መታ መታ አደረገው። "ቢከፈትም ባይከፈትም ይላል ወንድሜ። ጉም በሚወርድበት ቀን ወንድሞችህን ይዘህ ብትገባ ማን ያይሃል? በጉም ውስጥ አጫጁም ጭላዳውም አንድ ነው።"

"እኔን ስረቅ ነው የምትለኝ?"

"የፈረምከውን ፈጽም ነው የምልህ።"

ትዕዛዙ ዱላውን አነሣ፤ ጌታነሽ ከኋላው ይዛ አስቀረችው። ጌጡም "እንግዲያው በፍርድ ቤት እንገናኝ" ብሎ ፈረሱን ኮለኮለ። ያን ዕለት ትዕዛዙ ሁለት ግዝት በሁለት በኩል ሲጎትቱት ተሰማው። ሣሩን ካላመጣ የቄሱ ግዝት አለበት። ቢያመጣ ሀገሩ በአንድ አፍ ይረግመዋል፤ የሀገር እርግማን ደግሞ ቄስ አይፈታውም።

ክሱ ደረሰው። መልስ በጽሑፍ ይዘህ ቅረብ ተባለ። ከፍርድ ቤቱ ደጅ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ዘንድ ሄደ። እነዚህ ሰዎች የገበሬን ነገር የሚሰሙት በግማሽ ጆሮ ነው፤ ሌላው ግማሽ ቀጣዩን ደንበኛ ይጠራል። ምን እንደተፈጠረ ሳይሆን ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው የጻፉትን ይጽፉልሃል። ይህም ጸሐፊ ትዕዛዙ ሣሩን፣ ጉባኤውን፣ ግዝቱን ሲዘረዝርለት "ገባኝ፣ ገባኝ" እያለ በሚጠማዘዝ ጽሕፈት ሁለት ገጽ ሞላና "ፈርም" አለው። ትዕዛዙ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ነው፤ የተጠማዘዘ ጽሕፈት ግን አያነብም፤ አላነብም ማለትም ኩራቱ አልፈቀደለት። ለሁለተኛ ጊዜ ሳያጣራ ፈረመ።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ውስጥ የተቀመጠችው ዳኛ ወጣት ሴት ነበረች። ጌጡ ክሱን አሰማ፤ አንደበቱ ማር ነው። ዳኛዋ ወደ ትዕዛዙ ዞረች።

"አቶ ትዕዛዙ፣ በመልስዎ ላይ አንደኛ፣ ውሉን አልፈረምኩም ይላሉ።"

"ማን ነው ያለው?" አለ ትዕዛዙ።

"እርስዎ።"

"እኔ?! ፊርማዬ ነው እንጂ! የማን ሊሆን ነው? ወረቀቱን ያምጡት፣ ደግሜ ልፈርምበት!"

ከኋላ ያለው ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ጸጥታ አስከብራ ቀጠለች። "ሁለተኛ፣ ፈርሜ እንኳ ቢሆን ሰክሬ ስለነበር የማደርገውን አላውቅም ይላል።"

"ሰክሬ?" ትዕዛዙ ቀላ። "በሁለት መለኪያ? የኔ አባት ጠርሙስ ጨርሶ ቅኔ ይቀኝ ነበር! ይህን የጻፈ ሰው ..."

"ሦስተኛ፣ ባልሰክርም ከሳሽ በጦር መሣሪያ አስፈራርቶኛል ይላል።"

ትዕዛዙ ጌጡን ከእግር እስከ ራሱ አየው። "ይህ? ይህ ነው እኔን የሚያስፈራራ?"

ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እንግዲህ ፈርመዋል፣ አልሰከሩም፣ አልተገደዱም። መከላከያዎን ሁሉ ራስዎ አፈረሱት። ሌላ የሚሉት አለ?"

"የለም። ቃሌ ቃል ነው።"

ጌጡ ፈገግ አለ። ጌታነሽ ከኋላ ወንበር ላይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጥማድ በሬዎቿ በዚያች ደቂቃ በችሎቱ በር ሲወጡ ታዩዋት።

ዳኛዋ ግን ውሉን አንሥታ እንደገና አነበበች። ከአንድ ቦታ ሲደርስ ጣቷ ቆመ።

"ይህ ጓሳ የማን ነው?"

"የሀገሩ ነዋ" አለ ትዕዛዙ።

"ውሉ ሲፈረም ተከፍቶ ነበር?"

"አልነበረም።"

"አሁንስ?"

"ዝግ ነው።"

"ተዘግቶ ሳለ ማጨድ ይቻላል?"

ትዕዛዙ የተሰደበ መሰለው። "ሌባ ነኝ ልትይኝ ነው እንዴ? ተዘግቶ የሚያጭድ ሌባ ነው! እኔ ራሴ አይከፈት ብዬ እጄን ያወጣሁ ሰው ነኝ!"

"ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ታዲያ 'ባይከፈትም አመጣለሁ' ብለው ሲፈርሙ ከየት ሊያመጡ ነበር?"

ትዕዛዙ ስድስት ወር ሙሉ ያንን ቃል ይዞ ሲብሰለሰል ይህን ጥያቄ ራሱን ጠይቆ አያውቅም፤ እንደሚከፈት እርግጠኛ ስለነበር "ባይከፈትም" ያለው እንደ ፉከራ እንጂ እንደ ግዴታ አልነበረም።

"ከሳሽ፣ ይህን 'ቢከፈትም ባይከፈትም' የሚል ሐረግ ማን አስገባው?"

"እኔ ነኝ ክብርት ዳኛ" አለ ጌጡ፣ አሁንም በኩራት። "ማምለጫ እንዳይኖረው ብዬ ነው።"

በዚህ ጊዜ ጌታነሽ ተነሣች። ለትዕዛዙ ሳትነግር አቶ በኃይሉን ለምና አምጥታ ከበሩ አጠገብ አስቀምጣቸው ነበር። "እመቤቴ፣ ስለ ጓሳው የሚያውቁት እኒህ ናቸው። ይጠየቁልኝ፣ ባሌ ከተናገረ ቤቴን ያፈርሳል።"

ዳኛዋ ሳቋን ዋጠች። በኃይሉ ቀርበው ማሉ፤ በዚያ በቀስታቸው ሁሉንም አስረዱ። ጓሳ በጉባኤ እንደሚዘጋ፣ በጉባኤ እንደሚከፈት፣ እስኪከፈት የማንም ድርሻ የሚባል እንደሌለ፣ ደንቡን የጣሰ እንደሚቀጣ። "ይህ ልጅ" አሉ ትዕዛዙን እያዩ "ቁጣው ብዙ ነው። ግን ሣሩ አልደረሰም ብሎ መጀመሪያ የተናገረ እሱ ነው። እኛ እንደዚህ ያለ ውል እንዳለበት ያን ቀን አላወቅንም።"

ከሰዓት በኋላ ፍርዱ ተነበበ። የዳኛዋ ንባብ የሕግ ቃል ይበዛበት ነበር፤ ፍሬው ግን ለማንም ግልጽ ነው። ውል ውል የሚሆነው ሁለት ሰው ስለተስማማና ስለፈረመ ብቻ አይደለም፤ የተስማሙበት ነገር ሊፈጸም የሚቻልና ሕጋዊ መሆን አለበት። ውሉ "ከተከፈተ" ቢል ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ከሳሽ ግን ባይከፈትም ይምጣልኝ ብሏል፤ ባይከፈትም ማምጣት ደግሞ ከሀገር መስረቅ ነው። ለመስረቅ የተገባ ቃል በሕግ ፊት ውል አይደለም። ዋናው ከፈረሰ የበሬዎቹም መቀጫ ከእርሱ ጋር ይፈርሳል። ትዕዛዙ ቆርቆሮውን ይመልስ። "ሣሩ ታጭዶ ቢሆን ኖሮ" አለች ዳኛዋ ወረቀቱን አጥፋ "ሁለታችሁም እዚህ የምትቆሙት በሌላ ጉዳይ ነበር። ሂዱ።"

ጌጡ ማምለጫ እንዳይኖር ብሎ የዘጋው በር ራሱን ውጭ አስቀረው። ብልጠት ሲበዛ ጌታውን ይነክሳል፤ በዚህ እኔ አላዝንም።

ጌታነሽ ከፍርድ ቤቱ ግቢ ሳትወጣ እልል አለች። ዘበኛው ተቆጣት፤ ሰላምታ መሰላትና ደግማ እልል አለች። ትዕዛዙ ግን መንገዱን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

"ምነው? በሬዎቻችን ዳኑ እኮ!"

"ዳኑ። ደስ ብሎኛል። ከጫንቃዬ ላይ ድንጋይ የወረደ ያህል ነው" አለ። ጥቂት ሄዶ ግን "ዳኛዋ ወረቀቱን ፈታችው። ግዝቱንስ ማን ይፈታዋል?" አለ።

በማግሥቱ ቄስ ገብረ አማኑኤል ዘንድ ሄደ። ቄሱ ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በእውነቱ ለኃጢአት የታሰረ ግዝት ሊያስር አይገባውም። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ምን እንደሚል ሳላስነብብ መስቀል አወጣሁ። ሆኖም ሁለታችሁን በአንድ ቃል፣ በአንድ መስቀል አስሬአለሁ። ግማሹን አልፈታም። ጌጡን ይዘኸው ና።"

ጌጡ ግን አልመጣም። በመጣው ገበያተኛ በኩል የላከው መልእክት "ዳልቻን ካመጣልኝ እመጣለሁ፤ ያለዚያ ፋሲካን እንደታሰረ ይዋል" የሚል ነበር።

ትዕዛዙ ሁለት ቀን ተብሰለሰለ። እርፉን ጨበጠ፣ ጣለ። ሁዳዴ ነው፤ ሰው ሁሉ ለሥጋ ወደሙ ይዘጋጃል፤ እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ለመግባት እግሩ ይከብደዋል። በሦስተኛው ቀን ገመድ አንሥቶ ዳልቻን ፈታ። ጌታነሽ ከደጃፉ ፊት ቆመች።

"ፍርድ ቤት ያዳነልህን በሬ በእግርህ ልትወስድለት?"

"ዳኛዋ ነፍሴን አላየችም።"

"እኔ አየኋት። ግትር ነፍስ ናት! አንድ በሬ ምን ያርሳል? ከማን ጋር ልታጣምደው ነው፣ ከእኔ?"

"ጌታነሽ፣ ዞር በይ።"

"ሂድ፣ ሂድ! ግን ስትመለስ ቤቱ ባዶ ከሆነ ወንድሞቼ ዘንድ ነኝ በል።"

ዳልቻን እየሳበ መሐል ሜዳ ገባ። የጌጡ ግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንድ አይሱዙ ቆሞ ሸክም እያራገፈ ነው። ትዕዛዙ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ከሦስቱ ጎጆዎች ሁለቱ ተከድነዋል። ሦስተኛው ጣሪያ ላይ ሁለት ሰዎች ወጥተው ሣር ያቀብላሉ፣ ያስራሉ። ሣሩ ረጅም ነው፣ ቀላ ያለ ነው። ጓሳ አይደለም።

"ይህ ሰንበሌጥ አይደል?" አለው ሾፌሩን።

"ነዋ። ከመርሐቤቴ፣ ከቆላው። ይኼ የመጨረሻው ጭነት ነው፤ የፊተኞቹን ሁለቱን ገና በገና አምጥቼለታለሁ።"

"በገና?"

"በገና ዋዜማ። ብርዱ አይረሳኝም። ምነው፣ አንተም ትፈልጋለህ?"

ትዕዛዙ በጣቱ ወራቱን ቆጠረ። በገና ጓሳ ዘንድሮ አይከፈትም ገና አልተባለም ነበር፤ ጉባኤ ገና አልተጠራም፤ እሱም ገና ማንንም አላስቀየመም። "ከእኔ በቀር ከማንም እንዳትገዛ" ያለውን ጌጡ በገና አፍርሶታል። መጀመሪያ ቁጣ የመጣበት መሰለው፤ እንደ ልማዱ ሊጮህ ተዘጋጀ። የወጣው ግን ሳቅ ነው። እስኪያስለው ሳቀ። ጣሪያ ላይ ያሉት ሰዎች ሥራ አቁመው አዩት።

ጌጡ ከቤት ወጣ። በሬውን አይቶ ፊቱ ፈካ። "አመጣኸው! ሰው እንዲህ ነው እንጂ!"

"ጌጡ፣ ለመሆኑ በሰላም ትተኛለህ?"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ይህ ሰንበሌጥ ከማን ተገዛ?"

ጌጡ ጣሪያውን አየ፣ ሾፌሩን አየ። "እ ... ለመጠባበቂያ ነው። ጓሳው ሲመጣ በላዩ ልደርበው ነበር። ደግሞስ ውሉ ፈርሷል፤ ፍርድ ቤት አፍርሶታል።"

"ፍርድ ቤት በመጋቢት አፈረሰው። አንተ በገና አፈረስከው። አባ ምን እንዳሉ ታስታውሳለህ? 'ከሁለታችሁ ማንኛችሁም' አሉ። እኔ እስከ የካቲት መጨረሻ ጊዜ ነበረኝ። አንተ ከገና ጀምሮ ውጉዝ ነህ። በዚህ ላይ ልደትን በላህ፣ ጥምቀትን ተጠመቅህ!"

የጌጡ ፊት ቀስ በቀስ አመድ መሰለ። ነጋዴ ይሁን እንጂ የወር የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ነው፤ ጽዋው ባለፈው ወር እሱ ቤት ነበር። ሲያስር ያሰረው ሌላውን ብቻ መስሎት ነበር። ሰው ሁሉ ውል ሲያነብ የሌላውን ግዴታ ጮክ ብሎ፣ የራሱን በለሆሳስ ያነባል።

"ጽዋውን በእጄ አንሥቼ ..." አለ።

"አነሣህ።"

"ልጄ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ታሞ ነበር።"

"ዳነ?"

"ድኗል።"

"እንግዲያው ሳይብስ እንሂድ።"

ጌጡ ጫማውን እንኳ ሳይቀይር ተከተለው። ዳልቻ ወደ ቤቱ መመለሱን ሲያውቅ ከፊት ከፊት ሄደ። መንገዱ ላይ ጌጡ "ዳልቻ ሲባል ስሰማ ትልቅ በሬ መስሎኝ ነበር" አለ።

"ከሥጋ ገበያ የመጣህ ይመስል አትመዝነው። እርፍ ሲይዝ እየው።"

"ቀንዱ ጠማማ ነው።"

"ያንተ ውልስ?"

ጌጡ ሳቀ። ስላልጠበቀው ሳቁ ራሱን አስደነገጠው።

ጌታነሽ ከሩቅ አየቻቸው። ዕቃዋን ጠቅልላ ደጅ አውጥታ ነበር፤ ግን አልሄደችም። በሬውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከኋላው በከተማ ጫማ ጭቃ የሚያነሣውን ጌጡን አየች።

"ይህንን ደግሞ ምን ብለህ ገዛኸው?" አለች ትዕዛዙን።

"በነጻ ነው" አለ ትዕዛዙ።

"ቆርቆሮህን እንኳ ይዘህ ሂድ" አለችው ጌጡን። "ዶሮዎቼ አቆሽሸውታል፤ ታጥበዋለህ።"

ቄስ ገብረ አማኑኤል በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀበሏቸው። ሁለቱንም አንበርክከው የሁለቱንም ቃል ሰሙ። የጌጡን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሳቅ ይሁን ጸሎት አይታወቅም። "በደንቡ ልቀጣችሁ ይገባኛል" አሉ። "ቅጣታችሁ ይህ ነው፤ ቆርቆሮውን ሁለታችሁም በጀርባችሁ ተሸክማችሁ መሐል ሜዳ ታደርሱታላችሁ። ፈረስ አይነካውም።" ጌጡ ሊከራከር ነበር፤ ትዕዛዙ በክርኑ ጎሰመው። ከዚያ ቄሱ መስቀላቸውን በሁለቱም ራስ ላይ አሳርፈው "እግዚአብሔር ይፍታችሁ" አሉ።

ትዕዛዙ መስቀሉን ተሳልሞ ተነሣ። ጌጡም ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ነጋዴ ነውና ወዲያው ደግሞ ልማዱ ተነሣበት።

"እንግዲህ ከርሞ ጓሳ ከተከፈተ ..."

"ዝም በል!" አለ ትዕዛዙ። "ከአፍህ እንዳታወጣው!"

"'ከተከፈተ' እኮ ነው ያልኩት!"

"ልጆች!" አሉ ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው እያስገቡ። "ዛሬ የፈታሁትን ከርሞ አላስርም። ሁለታችሁም በገበያ ስታዩኝ ሰላም ብላችሁ እለፉ፣ ሌላ አልፈልግም።"

ፀሐይ ገና ጥቂት ነበራት። ትዕዛዙ በሩጫ ወደ ቤቱ ወረደ፤ ቦራንና ዳልቻን ጠመደ። ያ ማሳ ከሳምንት በፊት መታረስ ነበረበት፤ ጎረቤቶቹ ሁለት ጊዜ አገላብጠው ጨርሰዋል። የመጀመሪያውን ትልም ሲያወጣ መሬቱ ደርቆ ነበርና ማረሻው ዘለለ፤ ትዕዛዙ በሬዎቹን ተሳደበ፣ ማረሻውን ተሳደበ፣ ሰማዩን ተሳደበ። ጌታነሽ ከደጅ ቆማ ስድቡን ሰማችና ዕቃዋን መልሳ ወደ ቤት አስገባች።